ከሮቤል በኋላ ማን? የበረዶ ሸርተቴ ሙያና የተተኪ ጥያቄ

ጎብዬ ላይ በግንቦት ቀትር ስለ በረዶ ሸርተቴ ማንሳት የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ይፋጃል፤ የዞብል ተራሮች በስተምሥራቅ በሙቀት ጭጋግ ደብዝዘው ይታያሉ፤ ገበሬው ለማሽላው ዝናብ ፍለጋ ሰማይ ሰማዩን ያያል። የራያ ቆላ በረዶን የሚያውቀው ድንገት ወርዶ ቡቃያ ሲያጠፋ ነው። ቢሆንም ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል ብዬ አምናለሁ። የበረዶ ሸርተቴ ታሪካችን እጅግ አጭር ነው፤ አጭር በመሆኑም በሌሎቹ ስፖርቶቻችን ውስጥ ተሰውሮ የኖረውን ችግር በአንድ ሰው የሙያ ሕይወት ላይ አጉልቶ ያሳያል።

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ ተሳትፋ የምታውቀው በ2006 ቱሪን ላይና በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም ጊዜ ብቸኛው ተወዳዳሪም ባንዲራ ያዡም ሮቤል ዘሚካኤል ተክለማርያም ነበር። እሱ ሲያቆም አገሪቱም አብራው አቆመች። በ2014 ሶቺ ላይ፣ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ፣ በ2022 ቤጂንግ ላይ የኢትዮጵያ ስም አልተጠራም።

ለዚህ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚሰጠው ምክንያት የበረዶ እጦት ነው። እኔ ግን በረዶ የሌላቸው አገሮች ከእኛ በኋላ ገብተው እስከ ዛሬ መቀጠላቸውን ሳይ ይህ ምክንያት አያሳምነኝም። ከመድረኩ የጠፋነው አንድ ሰው የጀመረውን ተረክቦ ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ተቋም ስላልነበረን ነው። ይህን ለማየት ግን አስቀድሞ ሙያው ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አንድ የስላሎም ተወዳዳሪ ከልጅነት እስከ ጡረታ በምን መንገድ እንደሚያልፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሃምሳ ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ

የበረዶ ሸርተቴ በሁለት ትልልቅ ወገኖች ይከፈላል። አንደኛው አገር አቋራጭ ነው፤ ሜዳውንም ዳገቱንም በራስ ጉልበትና ትንፋሽ መግፋትን ይጠይቃል። ለእኛ የረጅም ርቀት ሩጫ የሚቀርበው ይህ ነው። ሁለተኛው አልፓይን የሚባለው የቁልቁለት ውድድር ሲሆን፣ ከዘርፎቹ ሁሉ መዞሪያው የተጠጋጋውና ፈጣን እግር የሚፈልገው ስላሎም ነው።

በኦሎምፒክና በዓለም ዋንጫ ደረጃ የወንዶች ስላሎም መነሻና መድረሻ የከፍታ ልዩነት ከ180 እስከ 220 ሜትር ይሆናል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከ55 እስከ 75 የሚደርሱ በሮች ይተከላሉ፤ ከአንዱ መዞሪያ ምሰሶ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከ6 እስከ 13 ሜትር ቢሆን ነው። ተወዳዳሪው ቁልቁለቱን ጨርሶ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጅበታል። ይህ ማለት በየሰከንዱ ከአንድ በላይ ምሰሶ ይዞራል ማለት ነው። ውድድሩ ሁለት ዙር አለው፤ ለሁለተኛው ዙር በሮቹ ተነቅለው በአዲስ አሰላለፍ ይተከላሉ፤ አሸናፊው የሚለየው በሁለቱ ዙሮች ድምር ሰዓት ነው። አንዲት በር የሳተ ግን የቱንም ያህል ቢፈጥን ከውድድሩ ውጭ ነው።

ከቅርብ ለሚያየው ሰው ውድድሩ የሚጀምረው ከመነሻው በፊት ነው። ተወዳዳሪው በተተከለው መስመር ላይ አንዴም ሮጦ መለማመድ አይፈቀድለትም። የተፈቀደለት በጎን በጎኑ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ በሮቹን መመልከት ብቻ ነው። ስለዚህ ስልሳውንም ሰባውንም በር በቃሉ ይይዛል። ከመነሳቱ በፊት ጥግ ይዞ ዓይኑን ይጨፍንና መዳፉን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ መንገዱን በሐሳቡ ይወርደዋል። የሚወርድበት በረዶ ለስላሳ አይደለም፤ ሁሉም ተወዳዳሪ እኩል መንገድ እንዲያገኝ ውሃ ተረጭቶበት ወደ ድንጋይነት የተጠጋ ነው። የስኪው (የመንሸራተቻው) የብረት ጠርዝ እንደ ምላጭ ካልተሳለ እዚያ ላይ አይነክስም። ምሰሶዎቹ ከሥራቸው የሚታጠፉ በመሆናቸው ጎበዙ ተወዳዳሪ ርቆ አይዞራቸውም፤ በቅልጥሙና በክንዱ እየመታ አጎንብሷቸው ያልፋል። ቅልጥሙን፣ እጁንና አገጩን በመከላከያ የሚሸፍነውም ለዚህ ነው።

ይህን ችሎታ በሃያ ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ለከፍተኛው ደረጃ ማድረስ አይቻልም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ በረዶ ላይ ይቆማሉ፤ በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው የክለብ አባል ይሆናሉ፤ በ16 ዓመታቸው ገደማ የዓለም አቀፉን የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን (ፊስ) የተወዳዳሪነት ፈቃድ ያገኛሉ። ቀጥሎ የአህጉር ዋንጫዎች አሉ፤ ከዚያ የዓለም ዋንጫ። በዓለም ዋንጫ ስላሎም ከመጀመሪያው ዙር ወደ ሁለተኛው የሚያልፉት 30 ብቻ ናቸው፤ ነጥብ የሚያገኙትም እነሱ ብቻ ናቸው፤ ከአንደኛው 100 ነጥብ ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል። 31ኛ የወጣ ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አሜሪካዊቷ ሚካኤላ ሺፍሪን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ስላሎሟን ያሸነፈችው በ17 ዓመቷ ነው፤ በ18 ዓመቷ ሶቺ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ በየካቲት 2025 ጣሊያን ሴስትሪየር ላይ መቶኛ የዓለም ዋንጫ ድሏን አስመዘገበች። መቶኛውም ስላሎም ነበር።

ከእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ተወዳዳሪ ጀርባ ስኪውን የሚስልና ሰም የሚቀባ ባለሙያ፣ አሠልጣኝ፣ ሐኪም፣ መሣሪያ የሚያቀርብ ፋብሪካ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉዞውንና ምዝገባውን የሚመራ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ይቆማል። የጉልበት ጅማት መበጠስ የዚህ ሙያ የዘወትር ሥጋት ነው፤ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ይወስዳል። ያን ጊዜ ተጎጂውን ይዞ የሚያቆየው የሚያውቀውና የሚጠብቀው ተቋም ካለ ብቻ ነው።

በነጥብ የተዘጋው በር

ስላሎምን ለአዲስ አገር የሚያከብደው ሌላው ነገር የነጥብ ሥርዓቱ ነው። በፊስ ነጥብ ማነስ እንጂ መብዛት አያኮራም፤ የዓለም ምርጦቹ ወደ ዜሮ የተጠጉ ናቸው። ስሌቱ ሲቀል እንዲህ ነው። አሸናፊው በ100 ሰከንድ ቢጨርስና አንተ በ110 ሰከንድ ብትገባ፣ ልዩነቱ አሥር በመቶ ነው። ይህ በስላሎሙ ማባዣ (በቅርብ ዓመታት 730 ገደማ ነው) ሲባዛ 73 ነጥብ ይሆናል። ውድድሩ ጠንካራ ተወዳዳሪ ያልነበረበት ከሆነ ተጨማሪ ነጥብ ይታከልብሃል። ለቫንኩቨር ኦሎምፒክ አንድ የስላሎም ተወዳዳሪ ከ140 ነጥብ በታች መሆን ነበረበት። በቅርብ ዓመታቱ ማባዣ ሲሰላ፣ ታካዩ ነጥብ 50 ቢሆን ከአሸናፊው ከ12 በመቶ ብዙም ሳይርቅ መግባት አለበት ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ዕድለኛ ቀን ሳይሆን በተደጋጋሚ።

ይህ ጥብቅነት ድሮ አልነበረም። ሴኔጋላዊው ላሚን ጌይ በ1984 ሳራዬቮ ላይ ሲወዳደር በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፤ በሩ ያኔ ሰፊ ነበር። በ1988 ካልጋሪ ላይ እንግሊዛዊው የበረዶ ዘላይ ኤዲ ኤድዋርድስ በመጨረሻነቱ ዓለምን ካነጋገረ በኋላ መመዘኛው ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ኦሎምፒክ ለመግባት የሚያስፈልገው በዓመት ውስጥ በበርካታ የተመዘገቡ ውድድሮች መሳተፍ ነው። የተመዘገበ ውድድር ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃድ የፊስ አባል የሆነ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ይፈልጋል። ጨዋታው የሚያልቀው በረዶው ላይ ቢሆንም የሚጀመረው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው።

ሮቤል የሠራውና ያልተሠራለት

ሮቤል በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ የ1980ውን የክረምት ኦሎምፒክ ባስተናገደችው በሌክ ፕላሲድ አካባቢ በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከበረዶ ጋር የተዋወቀውም እዚያ ነው። በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ቤቱ የበረዶ ሸርተቴ ቡድን ተወዳደረ፤ ቆይቶም በአስተማሪነት ሠራ። የመረጠው መስመር አገር አቋራጩን ነው። ይህ ምርጫ በራሱ ብልህነት ነበረበት፤ በዚያ ዘርፍ ትንፋሽና ጽናት ብዙ ይክሳሉ፤ ዘግይቶ ለጀመረ ሰውም ከስላሎም ይልቅ ይመቻል።

ኢትዮጵያን ወክዬ እወዳደራለሁ ሲል የሚያመለክትበት ፌዴሬሽን አልነበረም። ስለዚህ የኢትዮጵያ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽንን ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ራሱ አቋቋመ። አስቡት፤ አንድ ተወዳዳሪ ስፖርተኛውም፣ ፌዴሬሽኑም፣ ገንዘብ ፈላጊውም፣ ደብዳቤ ጻፊውም ራሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲለማመድ ከእግሩ ሥር ጎማ የተገጠመለት ስኪ አድርጎ በአስፋልት ላይ ይገፋ ነበር። ይህ የቀልድ ነገር አይደለም፤ የኖርዌይና የስዊድን ቡድኖችም በበጋ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እነሱ አስፋልቱን ለቀው ወደ በረዶው ሲመለሱ ጓደኛና አሠልጣኝ ይጠብቃቸዋል።

ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ውድድር 83ኛ ወጣ። ዕድሜው 31 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ፍሪስታይል 93ኛ ሆነ። ደረጃውን ብቻ የሚያይ ሰው ውድቀት ሊለው ይችላል። እኔ ግን ቁጥሩን የማነበው በሌላ መንገድ ነው። ክለብ ያለው፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ከአምስት ዓመቱ በረዶ ላይ የኖረ ሰው ባለበት ሜዳ፣ ፌዴሬሽኑን በጀርባው ተሸክሞ የመጣ ሰው መጨረሻ አልወጣም። ያውም መመዘኛውን ሁለት ጊዜ አልፎ።

እሱ የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። የጎደለው ከእኛ በኩል ነው። የራያ ገበሬ ዘመኑ ክፉም ቢሆን፣ ቤቱ ቢራብም፣ ምርጡን የማሽላ ዛላ ከምድጃው በላይ በጭሱ ሰቅሎ ለከርሞ ያቆየዋል፤ ዘር ከተበላ ከርሞ የለምና። በሮቤል ታሪክ ለከርሞ የተሰቀለ ዛላ አልነበረም። ከእሱ ሥር የሚሠለጥን ወጣት የሚመዘግብ አካል አልተቋቋመም፤ ያካበተው ዕውቀት፣ የመሠረተው ግንኙነት፣ ወደ ፊስና ወደ ኦሎምፒክ የሄደበት መንገድ በመንግሥት የስፖርት መዋቅር ውስጥ ሥር እንዲይዝ አልተደረገም። ስለዚህ የእሱ መጨረሻ የአገሪቱም መጨረሻ ሆነ።

በረዶ የሌላቸው እንዴት ቀጠሉ?

በዚያው በቫንኩቨር የጋናው ክዋሜ ንክሩማ-አቺምፖንግ በስላሎም ተወዳድሯል። በረዶን የተዋወቀው እንግሊዝ ውስጥ ሚልተን ኪንስ በሚገኝ ጣሪያ ሥር በተሠራ ቁልቁለት ላይ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ ከብዙ ዓመት በኋላ ነበር። የዚያን ቀን ከ100 በላይ ሰዎች ተነስተው ሁለቱንም ዙር የጨረሱት 48 ብቻ ናቸው። እሱ 47ኛ ወጣ። ከአሸናፊው ጣሊያናዊ ጁሊያኖ ራዞሊ ከ40 ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ቢገባም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተወዳዳሪዎች የወደቁበትን ወይም በር የሳቱበትን ቁልቁለት ቆሞ ጨርሷል። እስከዚህ ድረስ የእሱና የሮቤል ታሪክ ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ባንዲራ።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋና በሶቺ ባትታይም በ2018 ስኬለተን በተባለው የተንሸራታች ውድድር ተመለሰች፤ በ2022 ደግሞ በጋና ተወልዶ በስዊዘርላንድ ያደገው ካርሎስ ሜደር በአልፓይን ወከላት። ኬንያም እንዲሁ ናት። ፊሊፕ ቦይት በ1998 ናጋኖ ላይ በአገር አቋራጭ መጨረሻ ሲገባ ባለ ወርቁ ኖርዌጂያዊ ቢዮርን ዴሊ መድረሻው ላይ ቆሞ ጠብቆ ሲያቅፈው ዓለም አይቷል። ቦይት ሁለት ኦሎምፒኮችን ጨመረ፤ ከዓመታት በኋላ ኦስትሪያ ያደገችው ሳብሪና ሲማደር በ2018 የኬንያን ባንዲራ ወደ አልፓይን አመጣች። ማዳጋስካር በሕፃንነቷ በፈረንሳውያን ቤተሰብ በጉዲፈቻ ያደገችውን ሚያሊቲያና ክሌርን በ2018ም በ2022ም አሰለፈች።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ ከጎረቤት ነው። ሻነን-ኦግባናይ አበዳ ካናዳ አልበርታ ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወልዶ እዚያው በክለብ አደገ። በ2018 ኤርትራን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወከለና መዞሪያዎቹ ከስላሎም በሚሰፉበት በጃይንት ስላሎም 61ኛ ወጣ፤ በ2022 ቤጂንግ ላይ ደረጃውን ወደ 39ኛ አሻሻለ። አሥመራ ላይ የበረዶ ሜዳ አልተሠራም። የተሠራው ነገር ቢኖር ልጁ የወላጆቹን አገር ወክሎ እንዲሰለፍ በሩን መክፈት ነው።

የእናትና የአባትን አገር መምረጥ የድሃ አገር ተወዳዳሪ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ስምንት ዓመት ተከታታይ የዓለም ዋንጫ አጠቃላይ አሸናፊ የነበረው ኦስትሪያዊው ማርሴል ሂርሸር በ2019 ጡረታ ወጥቶ በ2024 ሲመለስ ለእናቱ አገር ለኔዘርላንድ ነው። በ2023 የስላሎምን የዓለም ዋንጫ የወሰደው ሉካስ ብሮተን ደግሞ ከኖርዌይ ፌዴሬሽን ጋር በስፖንሰርነትና በምስሉ መብት ላይ ተጋጭቶ ድንገት ሙያውን ተወ፤ በዓመቱ የእናቱን አገር ብራዚልን ወክሎ ተመለሰና በታኅሣሥ 2024 ለብራዚል የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ መድረክ አስገኘላት። አንድ ተወዳዳሪ አገሩን የሚመርጠው በደም ብቻ አይደለም፤ የሚያከብረውና ሥራውን የሚያቃልልለት ተቋም የት እንዳለም ያያል።

በ18 ዓመት ላይ የሚጠብቀው አጥር

እዚህ ላይ ብዙም የማይነሳ ጉዳይ አለ። የኦሎምፒክ ቻርተር ማንም ተወዳዳሪ የሚወክለው አገር ዜጋ መሆን አለበት ይላል። የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. ደግሞ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ውጭ አገር ተወልዶ የዚያን አገር ዜግነት በልደት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የሌላውን አገር ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያስቀጥል ካላሳወቀ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ ያለ ቪዛ መግባትና መሥራትን ይፈቅዳል፤ ዜጋ ግን አያደርግም።

ይህን በአንድ ተወዳዳሪ ሕይወት ላይ አስቀምጠን እንየው። በሚኒሶታ ወይም በስዊድን የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ በ16 ዓመቱ ፈቃድ አውጥቶ መወዳደር ይጀምራል። በ18 ዓመቱ፣ ሺፍሪን የኦሎምፒክ ወርቅ በወሰደችበት ዕድሜ፣ ሕጉ አንዱን ዜግነት ምረጥ ይለዋል። በአንድ በኩል ዩኒቨርሲቲው፣ ሕክምናው፣ የሚለማመድበት ቦታ የሚያኖረው ፓስፖርት አለ። በሌላ በኩል የሚቀበለው ፌዴሬሽን እንኳ ያላዘጋጀች አገር አለች። ምርጫው ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው። የኤርትራ ሕግ ግን ከኤርትራዊ ወላጅ የተወለደን ልጅ የትም ይወለድ የት በልደቱ ኤርትራዊ አድርጎ ይቆጥራል። በሁለቱ ጎረቤታሞች መካከል በቤጂንግ የታየው ልዩነት ከዚህ የሕግ ልዩነት ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። እግር ኳሳችንም በተመሳሳይ ግድግዳ ሲጋጭ ኖሯል።

የዜግነት ሕግ ለስፖርት ተብሎ ብቻ አይቀየርም፤ ከዚያ የሚሰፋ የፖለቲካና የጸጥታ ጥያቄ እንዳለበት አውቃለሁ። ነገር ግን ብሔራዊ ቡድን ለሚወክሉ ወጣቶች ልዩ አሠራር ሊኖር ይችላል ወይ የሚለው ውይይት ሊጀመር ይገባል። ውይይቱ ያለመጀመሩም ውሳኔ ነው፤ በየዓመቱ በ18 ዓመት ልጆች ላይ ይፈረዳል።

ይህ ለጎብዬ ልጅ ምን ያደርግለታል?

አንድ አንባቢ በቅን ልቦና ይህን ሊጠይቅ ይችላል፦ ውሃና መብራት ባልተሟላበት፣ ጦርነት ደጋግሞ ባለፈበት፣ ወጣቱ በአፋር በረሃና በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ በሚሰደድበት አካባቢ ለበረዶ ስፖርት መከራከር ተገቢ ነው? ጥያቄው ክብደት አለው። መልሴም ግልጽ ነው፤ ለበረዶ ሜዳ ገንዘብ ይውጣ አልልም። ራስ ዳሸን ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል፤ ግን አይቆይም፤ የሰሜን ተራሮችም ዋልያ የሚጠበቅበት፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ነው፤ የውድድር ቁልቁለት ሊሆን አይገባውም። ጎብዬ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ስላሎም ተወዳዳሪ አይሆንም።

ሮቤልን ብቻውን ያስቀረው ጉድለት ግን ያንኑ የጎብዬ ልጅ በእግር ኳስና በሩጫም ያገኘዋል። ወልዲያን እንመልከት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው የመሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ከአገሪቱ ትልልቅ ስታዲየሞች አንዱ ነው። ያኔ ወልዲያ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር። ስታዲየሙ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፣ ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ሲሚንቶና ወንበር ብቻውን ክለብ አያቆምም፤ ክለብ የሚያቆመው ከቆቦ፣ ከጎብዬ፣ ከሮቢት የሚመጣውን የ13 ዓመት ልጅ በየዓመቱ መዝግቦ፣ አሠልጥኖ፣ ላለፈው የሚተካ ሌላ የሚያዘጋጅ ሥርዓት ነው።

ይህ ሥርዓት ሀብት ብቻ እንደማይጠይቅ የራሳችን አገር ይመሰክራል። አርሲ በቆጂ ውስጥ የትምህርት ቤት መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን ከመማሪያ ክፍል እየመረጠ አሠለጠነ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ከተማ ወጡ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ሜዳው ላይ ነበረች። በስላሎም ዓለምም ተመሳሳይ ከተማ አለ። በሰሜን ስዊድን፣ ላፕላንድ ውስጥ ያለችው ቴርናቢ ወደ 500 ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ኢንገማር ስቴንማርክ፣ ሺፍሪን እስክትሰብረው ድረስ ለአሥርት ዓመታት የቆየውን የ86 ድል ክብረ ወሰን ያስመዘገበው፣ ከዚያች መንደር ነው። የእሱ ዘመን ሰው ስቲግ ስትራንድ፣ በኋላም የኦሎምፒክ ስላሎም ወርቅ የወሰደችው አንያ ፐርሶን ከዚያው ናቸው። በቆጂና ቴርናቢ በአየር ንብረት አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ትልልቆቹ በሚለማመዱበት ሜዳ ላይ ትንንሾቹ እያዩ ማደጋቸው፣ የሚሰበስባቸውም ሰው አለመጥፋቱ ነው።

በረዶ ለእኛ ከቶ እንግዳ ነው የሚል ካለ ደግሞ አበበ ቢቂላን ያስታውስ። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ተጋብዞ በተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ውድድር አሸንፏል። የማራቶን ንጉሣችን የመጨረሻ ድሎቹን ካገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ በረዶ ነው። አበበን ሮም ላይ ያደረሰው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ከስዊድን የመጣ ነበር። ከባዶ የጀመርን ሕዝብ አይደለንም።

ከ2030 በፊት

የሚያስፈልገው ሦስት ሥራ ነው። አንደኛ፣ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽኑ ከአንድ ቤተሰብ ትከሻ ወርዶ በኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ዕውቅናና ክትትል፣ ዓመታዊ ግዴታውን የሚወጣ፣ ለተወዳዳሪ ፈቃድ መስጠት የሚችል አካል ይሁን። ሥራው በዋናነት የጽሕፈት ነው፤ የልምምዱን ወጪ ብዙውን ጊዜ ውጭ ያሉት ቤተሰቦችና ክለቦች ይሸፍኑታል። ሁለተኛ፣ በየአገሩ በክለብ የሚሠለጥኑ የኢትዮጵያውያን ልጆች ኤምባሲዎቻችንና የዳያስፖራ ማኅበራት በሚያግዙት መዝገብ ይታወቁ፤ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰቦቻቸው ስለ ዜግነት ሕጉ በቂ መረጃ ይድረሳቸው። ሦስተኛ፣ ሮቤልን የመሰሉ ፈር ቀዳጆች ያለፉበትን መንገድ በአማካሪነት እንዲያስተምሩ ይጋበዙ፤ የጀመረ ሰው ያወቀውን ሳያስረክብ እንዳይቀር።

በ2030 የክረምት ኦሎምፒክ በፈረንሳይ አልፕስ ይካሄዳል። በዚያ ዓመት 20 ዓመት የሚሆነው ተወዳዳሪ የተወለደው በ2010፣ ሮቤል ለመጨረሻ ጊዜ የኢትዮጵያን ባንዲራ በያዘበት ዓመት ነው። ያ ልጅ የዓለም አቀፍ ፈቃድ የሚያወጣበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። በዴንቨር፣ በኦስሎ ወይም በዙሪክ አንድ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጄ የአገሬን ባንዲራ ይዞ ይወዳደር ቢል፣ የማመልከቻውን ወረቀት ተቀብሎ ማኅተም የሚያደርግለት ቢሮ አዲስ አበባ ላይ ሊያገኝ ይገባል። ሮቤል ይህን ቢሮ አጥቶ ራሱ መሥራት ነበረበት፤ ቀጣዩ ልጅ ግን ጉልበቱን ለቁልቁለቱ ብቻ እንዲያውል ማድረግ የእኛ ኃላፊነት ነው።